በጠፍር የታሰረች ጊታር

የላላ ነገር ጎረቤት ይጠራል። ይህን ተረት ከአባቶች አልሰማሁትም፤ ዳንግላ ላይ በራሴ ደርሶ የገባኝ ነው። ሁሉ ነገሩ የጠበቀለትን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቀበቶው ልክ የሆነ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ የሚመክረው የለም። አንድ ነገር የላላበት እንደሆነ ግን አገሩ በሙሉ ባለሙያ ነው፤ ጋሪ ነጂውም፣ አናጢውም፣ ከቅዳሴ የምትመለሰው አሮጊትም መድኃኒት አላቸው።

የእኔ የላላብኝ የጊታር እጀታ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ያን ጊዜ ዳንግላ ተቀምጬ ለአንድ ጋዜጣ የአካባቢውን ወሬ እልክ ነበር። መንገድ ሲጠገን፣ ድልድይ ሲሰበር፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ታዲያ ወሬ የሌለበት ከሰዓት በኋላ ለብቻው ለሚኖር ሰው ረጅም ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ደርሼ በተመለስኩበት ጊዜ ከመርካቶ አንዲት ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዤ መጣሁ። ርካሽ ናት። ርካሽነቷን ለማወቅ ዋጋዋን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ቀለሟን የነካ እጅ ቀልቶ ይመለሳል። አብሯት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ የጫማ ሣጥን የሚያክል ድምፅ ማጉያ ነበራት።

ክሮቿ ከታች የሚያያዙት አንዲት ብረት ላይ ነው። ከብረቷ ደግሞ እንደ ማንኪያ የተቆለመመ ዘንግ ይወጣል። ዘንጉን ወደ ታች ጫን ሲያደርጉት ክሮቹ ይረግባሉ፤ ሲለቁት ይወጠራሉ፤ ቶሎ ቶሎ ጫን ለቀቅ ሲያደርጉት ድምፁ ሲቃ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። የሸጠልኝ ሰው "ትሬሞሎ" ነው ያለኝ። ዳንግላ ውስጥ ግን ያየው ሁሉ "ልጓሟ" ስላለው እኔም ልጓም ማለት ለመድኩ። በፈረስ አገር የተቆለመመ ብረት ሁሉ ልጓም ነው።

ይህ ልጓም ላላ። መጀመሪያ እንደ ደከመው አህያ ጆሮ ተንጠለጠለ። ቀጥሎ ዘፈን መሃል እጄ ላይ እየቀረ ያስቸግረኝ ጀመር።

"ላልቶስ ቢቀር ምን ቸገረህ?" ትሉ ይሆናል። ይርጋ ባይኖር ምንም ባልቸገረኝ።

ይርጋ ወዳጄ ነው፤ የስልክ ኦፕሬተር። ቀኑን ሙሉ "ሃሎ ቆሰበር! ሃሎ ቆሰበር!" እያለ ሲጮህ ስለሚውል ድምፁ ከሃሎ ሌላ ነገር እንቢ ብሎታል። ይህ ሰው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ አጨ። እኔን ሚዜ አደረገኝ። እዚህ ድረስ ደስታ ነው።

ችግሩ በሩ ነው። በዚያ መንደር ሙሽራ ሲመጣ የሙሽሪት ወገኖች በሩን ዘግተው ይዘፍናሉ። ሚዜዎች ከውጭ ይመልሳሉ። እነሱ ግጥም ሲጥሉ እኛ ግጥም ማንሣት ነው። ቀድሞ ዘፈን ያለቀበት ይሸነፋል። እነሱ ካቆሙ በሩ ይከፈታል፤ እኛ ካቆምን እስኪያዝኑልን ድረስ መገተር ነው። እነሱ ደግሞ ቶሎ አያዝኑም። ከባሕር ዳር በኩል የመጣ አንድ ሙሽራ ሚዜዎቹ ዘፈን አልቆባቸው ከብቶች ከመስክ እስኪገቡ በሩ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ስሙ "ደጅ ጠኚው" ሆኖ ቀረ። ልጅ ወልዶ ሊያስጠምቅ በሄደ ጊዜ እንኳ ቄሱ፣ "የማን ልጅ ናት?" ቢሉ ሕዝቡ ባንድ አፍ፣ "የደጅ ጠኚው!" አለ ይባላል። የመጨረሻውን ከሰው ሰምቼ ነው እንጂ አላየሁትም። ይርጋ ግን አምኖታል፤ እንቅልፍ የነሳው እሱ ነው።

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደጅ ጠኚው ልባል ነው?" አለኝ። "በስልክ እንኳ፣ 'ሃሎ፣ ደጅ ጠኚው ነህ?' እያሉኝ?"

"ዘፋኝ ሚዜ ጨምር እንጂ።"

"ማንን? ልብስ ሰፊው መኩሪያ አለ፤ አንድ ዘፈን ነው የሚያውቀው። አንተ ደግሞ ስትዘፍን ዜና የምታነብ ትመስላለህ። ያለችን ጊታሯ ናት።"

ይህን ሲል ትንሽ ዓይኑን ሸሸት አደረገብኝ። ዓይኑን የሚያሸሽ ሰው አይቼ ሳልጠይቅ አልፌ ስለማላውቅ ጠየቅሁት። ለካ ባጨበት ዕለት ከሙሽሪት አጎት ከግራዝማች አለኸኝ ፊት ቆሞ፣ "የእኛ መሣሪያ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች" ብሎ ፎክሯል። ግራዝማችም የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ "መልካም ነው። ካላለቀሰችና ካልሳቀች እንግዲህ በሩን አንከፍትም" ብለዋል። የምታለቅሰውም የምትስቀውም በልጓሟ ነው። ልጓሟ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው።

መጠገን ጀመርኩ። መጀመሪያ ራሴን አመንኩ። ካቻቢቴ ተውሼ ቡሎኑን ስፈታው፣ ከሥሩ የነበረች ሞላ ተስፈንጥራ ጣሪያውን መታችና ጠፋች። አልጋዬን ገለበጥኩ፤ ምንጣፉን አራገፍኩ፤ ጫማዬን ሁሉ ደፋሁ። የት እንደገባች እስከ ዛሬ አይታወቅም። አናቱን ሲጫኑት ቷ የሚል እስክሪብቶ ነበረኝ። በዳንግላ ብቸኛው ነበር ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ሌላ ግን አላየሁም። የእሱን ሞላ አውጥቼ ተካሁ። ልጓሙ ወረደና ሳይነሣ ቀረ። እንደዚህ ሆኜ በአንድ ከሰዓት የማትዘፍን ጊታርና የማይጽፍ እስክሪብቶ ባለቤት ሆንኩ።

ጊታሯን አንግቤ ወደ ገበያው ስወጣ የተረቱ እውነት ተገለጠልኝ። አንድ ጋሪ ነጂ ጋሪውን አቁሞ፣ "ይህ እኮ ሞራ ነው የጎደለው!" አለና የመንኮራኩሩን ሞራ ቀባልኝ። ልጓሙ እንደ መንኮራኩር ዙሪያውን ይሽከረከር ጀመር። ውሾች ይከተሉኝ ጀመር። አናጢው፣ "ሽብልቅ ስጠው" ብሎ እንጨት ወሸቀበት። ልጓሙ ቀጥ አለ፤ ግን ቀጥ ካለበት አልንቀሳቀስ አለ። ሽብልቁን ለማውጣት መዶሻ ሲያነሣ መሣሪያዬን አቅፌ ሮጥኩ። ውሾቹም አብረውኝ።

የሮጥኩት ወደ ጋሽ ቢያድግልኝ ነው። ጋሽ ቢያድግልኝ ኮርቻ ሠሪ ናቸው፤ የጋሪ ፈረስ ዕቃም ይጠግናሉ። ልጓሙን በሁለት ጣታቸው ይዘው የፈረስ ዕድሜ እንደሚያይ ሰው አገላብጠው አዩት።

"ምኗን ነው ያመማት?"

"እጀታዋ ላልቶ ነው ጋሽ ቢያድግልኝ። እንዳይወልቅ ይጥበቅልኝ፤ ግን ይንቀሳቀስ።"

"ብረትን ከብረት ጋር አጋብተህ ፍቅር ትጠብቃለህ? ጠፍር ነው የሚያሻት።"

"ከታሰረ ይንቀሳቀሳል?"

"ኮርቻ በጠፍር አይደል የሚሠራው? ፈረሱ ሲጋልብ አብሮ አይወዛወዝም? ታዲያ ይወልቃል?"

"አይወልቅም።"

"እንግዲያማ አምጣት፤ ምን ታስለፈልፈኛለህ!"

ጠፍር አልጋ ላይ የተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ካልለፋ የበሬ ቆዳ የሚቀደድ ጠባብ ማሰሪያ ነው። ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ርጥቡን ይታሰራል። ጋሽ ቢያድግልኝ የአናጢውን ሽብልቅ በጉጠት ነቅለው ጣሉና ከገንዳው አንዱን መዘው የልጓሙን ሥር ጠመጠሙት። ጫፉንም፣ "እንዳትጥልህ" ብለው በጊታሯ ወገብ ዞረው አሰሩት፤ ልክ የኮርቻ መቀነቻ በፈረስ ሆድ እንደሚዞረው። ጫን አልኩት፤ ወረደ። ለቀቅሁት፤ ተነሣ። ማጉያውን አብርቼ አንድ ጊዜ ባንቀጠቅጠው ገበያተኛው "እሰይ!" አለ። ጋሪ ላይ የተጠመደ አንድ ፈረስም ጆሮውን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን ዜና አልመሰለኝም።

እኔ ሳልፈትሽ የማምነው ነገር የለም። ያን ዕለት ፈተሽኩ፤ ጊታሯን ከሣጥኗ ከትቼ አሳድሬ በማግሥቱ በሠርጉ ጠዋት ደግሜ ፈተሽኩ። ሁለቱንም ጊዜ እንከን አልነበረበትም። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱንም ጊዜ የፈተሽኩት ርጥቡን ነበር። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያደረ ቆዳ የት ይደርቃል?

ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍረን ቆሰበር ወረድን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የፈረስ ነው። ሣጥኑ ለፈረስ ስለማይመች አንድ ሱቅ በአደራ ተውኩና ጊታሯን በጀርባዬ አነገትኳት። ከፋሲካ በኋላ ያለ ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ሊዘንብ ሲል የባሰውን ይከርራል። ያ ፀሐይ ከጀርባዬ ሆኖ በጠፍሩ ላይ ሥራውን ጀመረ።

የዘንገና ሐይቅ ከታች በሚታይበት ዳገት ላይ ስናርፍ ይርጋ፣ "እስቲ አንዴ አሰማኝ፣ ልቤ እንዲረጋ" አለኝ። አሰማሁት። ልቡ አልረጋም።

"ምነው ድምፅዋ ወረደ? ጉንፋን ይዟታል?"

ጠፍሩ ሲደርቅ እያጠረ፣ ሲያጥር ልጓሙን ወደ ጊታሯ ሆድ እየጎተተ፣ ክሮቹን እያረገበ ነበር። እኔ ግን ይህን ገና አላወቅሁም። የክሮቹን መቃኛ አጠበቅሁና ቃኘኋት። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ወረደች፤ ደግሜ ወጠርኳት። ፀሐዩ በረታ፤ እኔም በረታሁ። በፈረስ ላይ ሆኜ እስከ መንደሩ ድረስ ከአንድ ሙት በሬ ቆዳ ጋር ጉተታ ገጠምኩ። በሬው አሸነፈ። መንደሩ ስንደርስ ልጓሙ እንደ መዥገር ከጊታሯ ሆድ ተጣብቋል፤ በሁለት እጄ ብስበው ንቅንቅ የለም።

"ታለቅሳለች አይደል?" አለ ይርጋ በሹክሹክታ።

"ላለቅስ የደረስኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

ግቢው በፈረስ ተሞልቷል። የእንግዳው ፈረስ ሁሉ በቀይና በቢጫ ክር ጌጥ አምሮ አጥሩን ይዞ ታስሯል። ዳሱ ሥር ግራዝማች አለኸኝ ጭራቸውን ይዘው እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ከፊታቸው የሙሽሪት አክስት እትዬ ውድነሽ ወገባቸውን በመቀነት ሸብ አድርገው ይጠብቁናል። እኚህ ሴት በአገውኛም በአማርኛም ግጥም ከአፋቸው እንደ ንብ ነው የሚወጣው፤ የሚናደፈው ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ነው። ገና ከፈረስ ሳንወርድ ጀመሩን፦

"ስልክ ነው አሉን እኮ ሙያው የሙሽራ፣
ደውሎ አይገባም ወይ፣ ምን ያረጋል ጭፈራ!"

ጎረምሶቹ ተቀብለው አስተጋቡ። መኩሪያ ያቺን አንድ ዘፈኑን አነሣ። ደህና ዘፈነ። ሲጨርስ እትዬ ውድነሽ ሌላ ጣሉ፤ መኩሪያም ሌላ ስለሌለው ያችኑ ደገማት።

"ደገመ! ደገመ!" ብሎ ግቢው ጮኸ።

ይርጋ ጎኔን በክርኑ ወጋኝ። ድምፅ ማጉያውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጊታሯን ፊት ለፊት አዞርኳት። እትዬ ውድነሽ ወዲያው፦

"ቀይ ሣንቃ አዝለው መጡ ከዳንግላ፣
በሬ ናት ወይ ላም ናት፣ ምንድን ነው የምትበላ?"

ክሮቹን መታሁ። የወጣው ድምፅ ማጥ ውስጥ ገብቶ መውጣት ያቃተው በሬ ድምፅ ነው።

ግራዝማች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ "ይህ የሚያለቅሰው ነው የሚስቀው?" ሲሉ ጠየቁ።

"ገና ናት ግራዝማች" አልኩ፤ "እየነቃች ነው።"

"እስክትነቃ እኛ እንተኛላ!"

በአገውኛም አንድ ነገር ጨመሩ። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ የሰዉ ሳቅ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ይርጋን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ፊቱ ላይ አዲሱ ስሙ ተጽፎ አየሁ። መኩሪያ ያቺን ዘፈን ለሦስተኛ ጊዜ ሊያነሣ አፉን ሲከፍት በእጄ ከደንኩት።

ያን ጊዜ ነው ዝናቡ የመጣው።

በአዊ አገር ዝናብ አያስጠነቅቅም። ዳመናው ሐይቁን ተሻግሮ ሲመጣ ያየነው ከላያችን ከደረሰ በኋላ ነው። እንግዳው ወደ ዳሱ ሸሸ፤ እትዬ ውድነሽና ጎረምሶቹ የበሩ ክዳን ከልሏቸዋል። ዝናቡ የወረደው በእኛ ላይ ብቻ ነው፤ ከደጅ የቆመ መጠለያ የለውማ! ማጉያውን ከካፖርቴ ሥር ሸጎጥኩት። ጊታሯ ግን ከነጠፍሯ ራሰች።

"በቃ" አለ ይርጋ፤ "በቃ፣ አለቀልኝ።"

"ዝም ብለን አናቆምም" አልኩና ክሮቹን ልመታ እጄን አነሣሁ። በዚህ መሃል ከጊታሯ ሆድ ሲጥ የሚል ነገር ሰማሁ። የራሰው ጠፍር ተለቀቀ። ልጓሙ ብድግ አለ፤ በመንገድ ላይ የወጠርኩት ሁሉ፣ ያ ሁሉ ዳገት የጠመዘዝኩት፣ ባንዴ በክሮቹ ላይ ወጣ። እጄም ወርዶ መታቸው።

ጩኸቱ ያስደነገጠው እኔን ነው። ልቀንሰው ብዬ ልጓሙን ጫን አልኩ፤ ሞራና ዝናብ የበላው ብረት ከእጄ አመለጠ፤ ብይዘው አመለጠ፤ ብይዘው አመለጠ። ያን ድምፅ ለመግለጽ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቃል ሞክሬአለሁ። ከእውነት ሳልወጣ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ከከፍታ ጀምሮ እየተንቀጠቀጠ የወረደ የባዝራ ማሽካካት ነበር። የመሰለው ለእኔ ብቻም አይደለም። አጥሩን ይዞ የታሰረ ፈረስ ሁሉ አንገቱን አቃና። መጀመሪያ አንዱ መለሰ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ግቢው በሙሉ አሽካካ።

የግራዝማች ዳማ ችካሉን ነቀለ። አንዱ ነጭ አጥሩን ይዞት ሄደ።

የአገው ጎረምሳ ምሳውን ትቶ ሊነሣ ይችላል፤ ሠርግ ትቶም ሊሄድ ይችል ይሆናል። ፈረሱ ሲፈታ ግን ቆሞ አያይም። በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የነበሩት ጎረምሶች እየተጠራሩ፣ እያፏጩ፣ በጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ፈረሶቻቸው ተበተኑ። በበሩ ላይ የቀሩት እትዬ ውድነሽ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ሊዘፍኑ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቅ ቀደማቸው። ሆዳቸውን ይዘው በሩን ተደገፉ። ደግመው ሞከሩ፤ አንድ ቃል እንኳ አልወጣላቸውም።

"ዘፈኑ ቆሟል!" አሉ ግራዝማች ከዳሱ ሥር። ጭራቸው ከእጃቸው ወድቆ ነበር። "ፈረሶቼን ብታሳብድብኝም ስቃለች፤ በሩ የነሱ ነው!"

ይርጋ እንደ ጥይት ተወርውሮ ገባ። መኩሪያም ከኋላው። ከቤት ውስጥ ከእልልታው በላይ የወዳጄ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፦ "ሃሎ! ገባን! ሃሎ! ገባን!"

እኔስ? እኔ መግባት አልቻልኩም። የግራዝማች ዳማ ጊታሯን ወዶአት ፊቴ ቆሟል። ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስል ወደ ግራ። አፍንጫውን ልጓሟ ላይ አድርጎ ሲተነፍስ ልጓሟ ትንቀጠቀጣለች፤ ስትንቀጠቀጥ ታሽካካለች፤ ስታሽካካ ይብስበታል። እየተሽኮረመምን አጥሩን ዞርን። የግራዝማች ሰዎች መጥተው ሲገላግሉኝ ዝናቡም አባርቶ ነበር። ጎረምሶቹ ፈረሶቻቸውን አሰሩና ተመልሰው በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ።

"ወዴት?" አለኝ አንደኛው።

"ሚዜ ነኝ እኮ! አሁን የዘፈንኩት እኔ ነኝ!"

"ሚዜ ከሙሽራው ጋር ነው የሚገባው። ብቻውን የመጣ ብቻውን ይዝፈን!"

ከዳማው ጋር ስንጓተት ክሮቹ ተበጣጥሰው የተረፈው አንድ ነበር። በአንዱ ክር የቻልኩትን ያህል ዘፈንኩ፤ ይርጋ እንዳለው ዜና የማነብ ሳልመስል አልቀርም። እትዬ ውድነሽ በበሩ ክፍተት ጠላ በዋንጫ እያቀበሉኝ፣ "በርታ ልጄ፣ እየቀረብክ ነው" ይሉኛል፤ በሩን ግን አልከፈቱም። ውስጥ ያለው ሰው በእኔ አንድ ክር እየጨፈረ፣ እኔ ደጅ ሆኜ እያጫወትኩ፣ ከብቶቹ ከመስክ ሲገቡ አብሬያቸው ወደ ቤቱ ዘለቅሁ።

በማግሥቱ ለጋዜጣው፣ "በቆሰበር አካባቢ መልካም ዝናብ ጥሏል" የሚል ወሬ ላክሁ። እውነት ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ዳንግላ ስመለስ ጋሽ ቢያድግልኝ ከሥራቸው ቀና ብለው፣ "ጠፍሩስ?" አሉኝ።

"ጠበቀ" አልኳቸው።

"አላልኩህም!"

ይርጋና ጥሩወርቅ እስከ ዛሬ በፍቅር አሉ፤ እሱንም አባቱ ባወጣለት ስም ይጠሩታል። እኔን ፈልጋችሁ ወደ ዳንግላ የምትመጡ ከሆነ ግን አንድ ምክር አለኝ። በስሜ አትጠይቁ፤ የሚያውቀኝ የለም። መናኸሪያው ላይ ካሉት ጋሪ ነጂዎች አንዱን፣ "ደጅ ጠኚው ቤት" በሉት፤ ሳይጠይቅ በሬ ድረስ ያደርሳችኋል። በሩ ክፍት ነው፤ መዝፈን አያስፈልግም።